መውጫው ስንት ያስከፍላል?

ምዕራፍ 7

ካዛንችስም ሆነ ቂርቆስ፣ ስልክ የያዘ ወጣት ሁሉ ያቺን መልእክት ሳያያት አልቀረም። በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ትመጣለች። ከላይ ዓይን የተሣለበት ሦስት ማዕዘን አለ፤ ከታች ኢሉሚናቲን የተቀላቀለ ሀብትና ዝና እንደሚያገኝ ይነገራል። የሚመልስላት ካገኘች ቀጥላ የምታነሣው ስለ መንፈስም ስለ ምሥጢርም አይደለም፤ ስለ መመዝገቢያ ክፍያ ነው። እሱ ከተከፈለ የአባልነት ካርድ ማሠሪያ ይመጣል፤ ካርዱ ከተከፈለ ደግሞ «ሽልማቱን» ከውጭ ለማስላክ የሚከፈል ሌላ ነገር ይኖራል። ታሪክ የሚያውቀው ኢሉሚናቲ አዳም ቫይስሃውፕት የተባለ መምህር በ1776 እ.ኤ.አ. በባቫሪያ ያቋቋመው ማኅበር ሲሆን፣ ዐሥር ዓመት ሳይሞላው በመንግሥት ትእዛዝ ተዘግቷል። በቴሌግራም ብር የሚሰበስበው ሌላ ሰው ነው።

ይህን መለየት ብዙ ጥበብ አይጠይቅም። የሚያስቸግረው እውነተኛ ሰዎች፣ እውነተኛ ስብሰባ፣ ምናልባትም እውነተኛ ወዳጅነት ያለበት ቡድን ነው። ጎረቤት የምታመላክተው የባለ ውቃቢ ቤት አለ። ማታ ዕጣን ጨሶ፣ ቡና ተፈልቶ አታሞ የሚመታበት ሳሎን አለ። ከኢንተርኔት የወረደ የአስማት መጽሐፍ ይዘው «የጥንቱን ጥበብ እናጠናለን» እያሉ በአንድ ኮንዶሚኒየም የሚሰበሰቡ የተማሩ ልጆችም አሉ። እነዚህን ሁሉ በአንድ ላይ አጭበርባሪ ብሎ መዝጋት ቀላል ነው፤ ግን የትኛው ቤት ምን ያህል እንደሚያሰጋ አይነግረንም።

የማይጠቅመው ጥያቄ

እንዲህ ያለ ቡድን ሲነሣ መጀመሪያ የሚፈነዳው ክርክር መንፈሱ አለ ወይስ የለም የሚል ነው። ቄሱ ሰይጣን ነው ይላሉ፤ ሼኹ ጂን ነው ይላሉ፤ ዩኒቨርሲቲ የገባው ልጅ ቅዠት ነው ይላል። ማንኛቸው ልክ እንደሆኑ በዚህ መጽሐፍ አልዳኝም። እህቷ የገባችበት ቤት ላሳሰባት ሴት ግን የሦስቱም መልስ አይበቃትም። መንፈሱ እውነት ሆኖ ቡድኑ እህቷን ባዶ ሊያስቀራት ይችላል፤ መንፈሱ ውሸት ሆኖም ቡድኑ ምንም ላያደርጋት ይችላል።

በምዕራፍ 2 አደጋን በሁለት ነገር ለክተን ነበር፦ የመድረስ ዕድሉ ምን ያህል ነው፣ ከደረሰስ ጉዳቱ ምን ያህል ነው። በምዕራፍ 5 ስለ ብድርና ዋስትና ስናወራ ሦስተኛ ጨመርን፦ ከጀመሩት በኋላ መመለስ ይቻላል ወይ? ስለ ምሥጢር ቡድኖች ከሦስቱ የመጨረሻው ይበልጥብኛል። የቡድኑን አሳብ ከውጭ ሆነን ማወቅ አንችልም፤ የመጉዳት ዕድሉንም በቁጥር ማስላት አንችልም። ለመውጣት የሚከፈለውን ግን አስቀድመን ልንጠይቅ፣ በዓይናችንም ልናይ እንችላለን። በዚህ ምዕራፍ «የመውጫ ዋጋ» የምለው ይህንኑ ነው፦ አንድ አባል ነገ ጠዋት «በቃኝ» ቢል የሚያጣው ገንዘብ፣ ወዳጅ፣ ጤና፣ ስምና የአእምሮ ሰላም ተደምሮ።

አሳቡ የኔ ፈጠራ አይደለም። አልበርት ሂርሽማን የተባለ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ በአንድ ድርጅት ያልተደሰተ ሰው ሁለት መንገድ እንዳለው ጽፏል፤ ወይ ይወጣል፣ ወይ ይናገራል። ሁለቱ ይደጋገፋሉ። መውጣት የሚችል ሰው ሲያጉረመርም አለቃው ጆሮ ይሰጠዋል። መውጣት እንደማይችል የታወቀ ሰው ቢጮህስ ማን ይሰማዋል? ስለዚህ የመውጫው ዋጋ ከፍ ባለ ቁጥር አባሉ እግሩን ብቻ ሳይሆን አፉንም ይታሰራል።

ዕቁብና ዕቁብ የሚመስለው

የመውጫ ዋጋን ከዕቁብ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። ዕቁብ ሲገባ ሁሉም ነገር ይታወቃል፦ የዕጣው መጠን፣ የጣዩ ብዛት፣ ዙሩ የሚያልቅበት ሳምንት። ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ፣ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ይጠራል። ዕጣው ሳይወጣለት ልውጣ የሚል ሰው የጣለው ገንዘብ ዙሩ ሲያልቅ ይመለስለታል፤ ምናልባት መታገሥ ይኖርበታል። ዕጣ ከበላ በኋላ ልውጣ የሚል ደግሞ ስንት እንደሚቀርበት እስከ ሳንቲም ያውቀዋል። ዕቁብ ከባድ ግዴታ ነው፤ ሰው ንብረቱን ሸጦ የጣለበት ጊዜ አለ። ግን መውጫው ዋጋ ተጽፎበታል፣ ዙሩም ያልቃል።

አሁን ከዚህ ዕቁብ አንዳንድ ነገር እንቀንስ። ዙሩ የሚያልቅበት ቀን ይጥፋ። መዋጮው በየጊዜው ይጨምር፤ ምን ያህል እንደሚጨምር የሚወስነው አንድ ሰው ይሁን። ያ ሰው ዳኛም፣ ጸሐፊም፣ ገንዘብ ያዥም ይሁን። ዕጣው የሚወጣው «ዝግጁ ስትሆን» ይባል። የጣልከው ይመለስልኝ ብትል «ልትደርስ ስትል አቋረጥክ፣ ያንተው ጥፋት ነው» የሚል መልስ ይጠብቅህ። አልፎ አልፎ አንድ ሰው ተነሥቶ ዕጣ እንደወጣለት ይመስክርና ሌላው ተስፋ ያድርግ።

ስለ መንፈስ አንድም ቃል ሳላነሣ አደገኛ የምሥጢር ቡድን ምን እንደሚመስል የገለጽኩ ይመስለኛል። እንዲህ ያለውን ዕቁብ በሰፈር ማንም አይገባም፤ ዳኛው ማን ነው፣ ዋሱ ማን ነው ብሎ ይጠይቃላ! ዕቁብ ሲገባ ሦስት ዋስ የሚቆጥር ነጋዴ ግን ውቃቢ ቤት ሲገባ አንድም አይጠይቅም። ነገሩ የተቀደሰ ወይም የሚያስፈራ ሲሆን ሒሳብ መጠየቅ ነውር ይመስለናል።

ደንበኛው አባል የሚሆንበት ቀን

ኤሚል ዱርካይም የተባለው ፈረንሳዊ የማኅበረሰብ ሊቅ በ1912 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሥራ፣ ሃይማኖት ምእመናንን በአንድ ጉባኤ ሲያስተሳስር አስማተኛ ግን ደንበኛ እንጂ ጉባኤ እንደሌለው ተከራክሯል። ለእኛ አገር ይህ በግማሹ ይሠራል። ከደብተራ ክታብ የሚያጽፍ፣ አውደ ነገሥት ገልጦ ኮከቡን የሚያስቆጥር ሰው ደንበኛ ነው። ከፍሎ ይሄዳል፤ በዚያው ቤት ከሱ በፊትና በኋላ የመጡትን አያውቃቸውም። ሊታለል ይችላል፤ ግን የሚያጣው በአብዛኛው የዕለቱን ክፍያ ነው። ስለት አድርሶ የሚመለስ ሰውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በአርሲ ፋረቀሳ፣ ሞሚና በተባሉት ሴት ስም የታወቀው ስፍራ ከየአገሩ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይጎርፍበታል፤ የስፍራው በዓል ሲያልፍ አብዛኛው ወደየቤቱ ይበተናል።

ሒሳቡ የሚለወጠው ደንበኛው አባል በሚሆንበት ቀን ነው። ያ ቀን በደወል አይታወጅም። «የኔ ልጅ» ተብሎ መጠራት፣ ጓዳ ገብቶ ማገዝ፣ ሌላ ሰው ይዘሽ ነይ መባል፣ ለሌሎች የማይነገር አንድ ነገር መስማት፤ በነዚህ ነው ዳሩ የሚታለፈው። ከዚያ ወዲያ የሚያጡት የአንድ ቀን ክፍያ መሆኑ ይቀራል።

ጎንደር፣ 1924 ዓ.ም.

ስለ እንዲህ ያለ አባልነት ከሁሉ የተሻለ የጽሑፍ መረጃ ያለን ከጎንደር ዛር ነው። ከዳካር ተነሥቶ ጅቡቲ የሚደርስ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን በ1924 ዓ.ም. ክረምት ጎንደር ገብቶ ለወራት ቆየ። የቡድኑ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ፣ በአስተርጓሚው በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ እየታገዘ፣ መልካም አያሁ በተባሉ ባለ ዛር ቤት ውሎ አደረ። ቡናውን፣ ዕጣኑን፣ ጉሪውን፣ ዛሩ ስሙን ተናግሮ የሚፎክርበትን ሰዓት ሁሉ በማስታወሻው አሰፈረ። ለመሥዋዕት የሚታረዱትን እንስሳት ወጪ እሱና ጓዶቹ ሸፈኑ። ማስታወሻውን የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ሳይገርመው አያልፍም፤ ሊመረምር የሄደው ሰው ቀስ በቀስ በቤቱ ስበት ውስጥ ሲገባ፣ በስጦታና በገንዘብ ነገር ሲቀየም፣ እንደገናም ሲመለስ ይታያል። ትምህርቱም ባዕድነቱም ከስበቱ አላዳነውም። የሚያድነው ሌላ ነገር ነበረው፦ ጉዞው የሚያልቅበት ቀን ተወስኗል፣ ጓዙ ሲጫን ይሄዳል።

የጎንደር ሴቶች ይህ አልነበራቸውም። ሳይመን ሜሲንግ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የዛርን ማኅበር እንደ ቡድን ሕክምና ያየዋል። በትዳሯ ውስጥ ሰሚ ያጣች ሴት እዚያ ትሰማለች፤ ዝቅ ብላ የምትታይ ሰው የአንድ ታላቅ ዛር ፈረስ ስትሆን ትከበራለች። ይህ ተራ ጥቅም አይደለም፤ በዛር ላይ ለመሳቅ የሚቸኩል ሰው መጀመሪያ ይህን ይመዝን። ነገር ግን በዚያው ጥናት ሁለት ነገር አለ። በሽተኛዋ ከማኅበሩ ጋር የምትገባው ግንኙነት የዕድሜ ልክ ነው፤ ዛር ይለማመኑታል፣ ግብር ይሰጡታል እንጂ አይሰናበትም። ክፍያ የሌላት ደግሞ በባለ ዛሩ ቤት በጉልበቷ ታገለግላለች።

ይህን ከጠበል ጋር ብናስተያየው ልዩነቱ ይጎላል። ጠበል የሚሄድ ሰው መንፈሱ «ለቀቅሁ» እንዲል ይጠብቃል፤ ሲለቅ ሱባኤው ያልቃል፣ ሰውየው ቤቱ ይገባል። በአሳቡ ደረጃ አንዱ ሥርዐት ለማብቃት የተሠራ ነው፣ ሌላው ለመቀጠል። ዛር በዚህ ምክንያት ክፉ ነው አልልም። የመውጫው ዋጋ ግን በሥርዐቱ ውስጥ ተሠርቶ ተቀምጧል፤ «መንፈሱ ይቆጣል» ማለት «ብትወጪ ትታመሚያለሽ» ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ራስ ምታቱም፣ የልጅ ሕመሙም፣ የንግድ ኪሳራውም የመውጣት ቅጣት ተደርጎ ይቆጠራል። ዕዳ ሰብሳቢ መላክ አያስፈልግም፤ ሰውየው በየዕለቱ ከሚደርስበት ተራ መከራ ራሱ ይሰበስበዋል።

ያለ ገንዘብ የሚከፈል

በብዙዎቹ ቡድኖች ትልቁ የመውጫ ዋጋ ብር አይደለም። በ1888 እ.ኤ.አ. በለንደን የተቋቋመው «ወርቃማው ንጋት» የተባለ የአስማት ሥርዐት ማኅበር የዘመናዊው አስማተኛ ሁሉ አያት ነው፤ ገጣሚው ዊልያም በትለር ዬትስ አባሉ ነበር። አዲስ ገቢ ምሥጢር ቢያወጣ በአለቆቹ የፈቃድ ኃይል በመብረቅ እንደተመታ እንዲወድቅ ይምል ነበር። ሲያነቡት ያስፈራል። በተግባር ግን መውጫው ርካሽ ነበር፤ ሰዎች ተጣልተው ይወጣሉ፣ ይመለሳሉ። በ1900 እ.ኤ.አ. የለንደን አባላት ሳሙኤል ማዘርስ የተባለውን አለቃቸውን ራሱን ከቦታው አነሡት። ሂርሽማን ስለ መናገር ያለው እዚህ ይታያል፤ መሪውን ማውረድ የሚችል ማኅበር መሐላው ቢያስፈራም አባሉን አላሰረም።

ይኸው ሥርዐት በሌላ እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን ብዙም ሳይቆይ ታየ። ሆሮስ በሚል ስም የሚጠሩ ባልና ሚስት የማኅበሩን ጽሑፎች ከማዘርስ እጅ አግኝተው በለንደን የራሳቸውን ቤት ከፈቱ፤ ወጣት ሴቶችን በጋዜጣ የጋብቻ ማስታወቂያ እየጠሩ በዚያው መሐላ አሰሩ። በ1901 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ፍርድ ቤት ሰውየውን በአስገድዶ መድፈር 15 ዓመት፣ ሴቲቱን 7 ዓመት ፈረደባቸው። ጽሑፉ አንድ ነበር። በአንደኛው ቤት መሐላው ቲያትር ነው፤ በሁለተኛው ከፖሊስ የሚጋርድ መጋረጃ ሆነ። የቡድኑን መጻሕፍት ብቻ አንብቦ መፍረድ የማይበቃው ለዚህ ነው።

መግቢያው በራሱ መውጫውን ያስወድዳል። ኤልዮት አሮንሰንና ጀድሰን ሚልስ በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ 63 ሴት ተማሪዎችን ወደ አንድ የውይይት ቡድን ጋበዙ። ከፊሎቹ ለመግባት በወንድ ፊት የሚያሳፍር ቃል ጮክ ብለው ማንበብ ነበረባቸው፤ ከፊሎቹ ቀለል ያለ ነገር አነበቡ፤ የቀሩት እንዲሁ ገቡ። ከዚያ ሁሉም ሆን ተብሎ አሰልቺ የተደረገ ውይይት አዳመጡ። ውይይቱን ከሌሎቹ ይበልጥ አስደሳች ያሉት በጣም ያፈሩት ናቸው። አእምሮ «ለዚህ ነው ያን ሁሉ የሆንኩት?» ከሚለው ሐሳብ ይሸሻል፤ ለማምለጥ ደግሞ የተከፈለበትን ነገር ያስውበዋል። ሊቃውንት ኮግኒቲቭ ዲሶናንስ ይሉታል፤ ሁለት የማይስማሙ አሳቦች በአንድ ራስ ውስጥ ሲጋጩ የሚፈጠር ጭንቀት ማለት ነው። ስለዚህ ገና በበሩ ላይ ሌሊት ሙሉ የሚያስጾም፣ የሚያዋርድ ወይም «በሕይወትህ ማንም የማያውቀውን ኃጢአት ንገረን» የሚል ቡድን ሲገጥም፣ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ እየተሠራ ነው። ፍቅር እየተመረተ ነው፤ መያዣም እየተወሰደ ነው። የተነገረው ምሥጢር በወጡ ማግሥት የት እንደሚደርስ ማን ያውቃል?

መድኃኒቱን አስቀምጥ ሲባል

አንድ የመውጫ ዋጋ ከሌሎቹ ሁሉ ይለያል፤ ምክንያቱም አይመለስም። ጤና ነው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን መዳረስ በጀመረባቸው ዓመታት እንጦጦ ማርያም ጠበል ከሚጠመቁት አንዳንዶቹ መድኃኒቱን ያቆሙ ነበር፤ ሁለቱን ማጣመር እምነት ማጉደል መስሏቸው። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ፣ አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናገሩ። አስተምህሮው አልተለወጠም፣ ጠበሉም አልተዘጋም። ከላይ የመጣ አንድ ቃል ለአደጋው መቀነስ መንገድ ከፈተ።

ባለሥልጣን ያለው፣ በአደባባይ የሚጠየቅ ተቋም ይህን ማድረግ ይችላል። በአንድ ሰው ፈቃድ የሚመራ፣ ከላዩ ማንም የሌለበት ቤት ግን «መድኃኒትህን ተው» ካለ ማን ያርመዋል? የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ፣ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚያስቆም ቡድን በሌላው ሁሉ ቅዱስ ቢሆን እንኳ የሚገባበት ቤት አይደለም። በዚህ ላይ ሚዛን አላወጣም።

ከበሩ ውጭ ምን አለ?

እስካሁን ስለ በሩ ነው ያወራነው። የመውጫው ዋጋ ግን ከበሩ ውጭ በሚጠብቀውም ይወሰናል። ሁለት ሴቶች አንድ ቤት ገቡ እንበል። አንደኛዋ ዕድር አላት፣ የጽዋ ማኅበር አላት፣ ቡና የሚጠራሩ ጎረቤቶች አሏት፤ ብትወጣ አንድ ወዳጅነት ታጣለች። ሁለተኛዋ ከቡድኑ ሌላ ሰው የላትም፤ ብትወጣ ሁሉን ታጣለች። ቡድኑ ያው ነው፤ አደጋው ግን እኩል አይደለም።

ካዛንችስን በምዕራፉ መጀመሪያ ያነሣሁት ለዚህ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት የሰፈሩ ትልቅ ክፍል ሲፈርስ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ቦታዎች ሄደ። ቤት በቤት ይተካል ይባላል። በግድግዳ ተጠግቶ የኖረ ጎረቤት፣ ሲሞት ድንኳን የሚተክል ዕድር፣ «ያቺ ልጅ ሰሞኑን ምን ነካት?» የሚል ዓይን ግን በካርታ አይተካም። የሰፈር ዓይን ይሰለቻል፣ ያማል፣ ሐሜቱ ያቃጥላል። ግን ሰው ወደማያውቀው ቤት ሲያዘወትር መጀመሪያ የሚያየው እሱ ነው። አዲስ ሰፈር የገባ ሰው የመጀመሪያውን ዓመት በተለይ ቢጠነቀቅ እመክራለሁ፤ በዚያ ዓመት ውስጥ ሞቅ ያለ ሰላምታ የሰጠ ቡድን ሁሉ ከሚገባው በላይ ይወደዳል።

ከበሩ ውጭ ሥራና ሀብት ያለው ብልህ ሰው አይያዝም የሚል ካለ ደግሞ የፀሐይ ቤተ መቅደስ ማኅበርን ታሪክ ይስማ። በጆሴፍ ዲ ማምብሮና በሐኪሙ ሉክ ዡሬ የሚመራው ይህ ቡድን በስዊዘርላንድና በካናዳ ኩቤክ ባለጸጎችን፣ የተማሩ ባለሙያዎችን፣ የአንዲት ከተማ ከንቲባን ሳይቀር በአባልነት ይዞ ነበር። በጥቅምት 1994 እ.ኤ.አ. 53 ሰዎች ሞተው ተገኙ፤ እስከ 1997 ቁጥሩ 74 ደረሰ። አስቀድመው ከተገደሉት መካከል ከቡድኑ የወጡ ባልና ሚስትና የሦስት ወር ሕፃናቸው ይገኙበታል። በአምልኮው ላይ የሚታዩት «ራእዮች» በመሣሪያ የሚሠሩ መሆናቸውን ያወቀው ያ ባል ነበር።

ከመግባት በፊት፣ ከገቡም በኋላ

አይዛክ ቦንዊትስ የተባለ ሰው ራሱ አስማተኛ ነበር፤ በ1970 እ.ኤ.አ. ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በአስማት ጥናት ዲግሪ ተቀብሏል። የቡድኖችን አደገኛነት ለመለካት ያወጣው መመዘኛ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል፤ በኋላ ጥያቄዎቹ 18 ደርሰዋል። ስለ ገንዘብ፣ ስለ ወሲብ፣ ስለ ምሥጢር፣ መሪው ስለሚያገኘው ሥልጣን ይጠይቃል፤ ስለ መንፈሱ ማንነት አይጠይቅም። የሚወጡትን ለመያዝ የሚደረገው ጥረት ከጥያቄዎቹ አንዱ ብቻ ነው። እኔ ብሆን ከሁሉ በላይ አስቀምጠው ነበር፤ እሱ ከፍ ካለ ሌሎቹ ሁሉ ከጊዜ በኋላ ከፍ ማለታቸው አይቀርምና።

የመውጫውን ዋጋ በተግባር ለማወቅ ቀላሉ መንገድ የወጣ ሰው መፈለግ ነው። ቡድኑን «ከእናንተ ጋር የነበረ፣ አሁን የተወ፣ ግን በሰላም ያለ ሰው አገናኙኝ» ማለት ይቻላል። ጤነኛ ማኅበር ሁለት ሦስት ስም ይጠራል። ሌላው ይቆጣል፣ ወይም የወጡት ሁሉ አብደዋል፣ ሞተዋል፣ ከድተዋል ይላል። ሁለተኛው ሙከራ እረፍት መጠየቅ ነው፦ «ለሁለት ወር ሥራ ስለበዛብኝ አልመጣም» ብሎ የሚሆነውን ማየት። ስልኩ ምን ያህል ጊዜ ይጮኻል? የሚደውለው «ደህና ነሽ ወይ?» ይላል ወይስ «ምን እንደሚደርስብሽ ታውቂያለሽ»?

አስቀድሞ የገባ ሰው ካለ ከመለያየቱ በፊት የሚያደርገው ነገር አለ። መታወቂያው፣ ፓስፖርቱ፣ የቤት ካርታው በቡድኑ እጅ ካለ በሰበብም ቢሆን ያውጣ። ከቡድኑ ውጭ ላለ አንድ ዘመድ የሚሄድበትን ቤትና ሰዓት ይንገር። «የመፍቻ» እየተባለ የሚጠየቀውን የመጨረሻ ክፍያ አይክፈል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ የመጨረሻ ይመጣል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 ማንንም በእምነቱ ጉዳይ ማስገደድ ይከለክላል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 692 በተንኮል አታልሎ የሌላውን ጥቅም መውሰድን ያስቀጣል። ፖሊስ ጣቢያ ስለ ውቃቢው ማንነት መከራከር አያስፈልግም። በቴሌብር ወይም በባንክ የተላከው ገንዘብ ቀኑንና ተቀባዩን ይዞ በስልኩ ውስጥ አለ፤ ዛቻው የተጻፈበት መልእክትም ሳይጠፋ ፎቶው ተነሥቶ ለዚያ ዘመድ ይላክ።